18ኛ ሆኖ ትልቁ ክለብ ይግባ ወይስ ሰፈሩ ይቆይ?

«ሰላም ወንድሜ፣ ዓምድህን ባለቤቴም ስለሚያነብ ስሜን አልጽፍም። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወንዱ ልጄ ሰኔ ላይ 12 ይሞላዋል። አማካይ ነው፣ ኳስ ነፍሱ ናት። በዘንድሮው ትራያውት (የተጫዋች መምረጫ ሙከራ) ሁለት ቦታ ተቀበሉት። አንዱ ቨርጂኒያ ያለ ትልቅ ክለብ ነው፣ ኢሲኤንኤል በሚባለው ጠንካራ የታዳጊዎች ሊግ ውስጥ የሚጫወት። አሰልጣኙ ‹18ኛ ተጫዋች አድርጌ ነው የወሰድኩት፣ መጀመሪያ ላይ ብዙ ላይጫወት ይችላል፣ ግን ከኛ ጋር ያድጋል› አለን። ሌላው አሁን ያለበት የሰፈራችን ክለብ ነው። ሊጉ ሁለተኛ ደረጃ ነው፣ ግን አሰልጣኙ ‹መሀል ሜዳው ያንተ ነው› ብሎታል። የትልቁ ክለብ ክፍያ 3,800 ዶላር ነው፣ ጉዞና ሆቴል ሳይጨምር። የሰፈሩ 2,100። ባለቤቴ ኡበር ይሠራል፣ እኔ ሆስፒታል የማታ ሺፍት ነኝ። እሱ ‹እንዲህ ያለ ዕድል ሁለቴ አይመጣም፣ ስኮላርሺፕ የሚገኘው እዚያ ነው፣ ገዲዮን ዘላለምም ከዚሁ ከሜሪላንድ ተነስቶ ነው አርሰናል የገባው› ይላል። እኔ ደግሞ የእሁዱ ቅዳሴ፣ የአማርኛ ትምህርቱ፣ የታናሽ እህቱ ነገር ያሳስበኛል። ልጁን ስጠይቀው መልሱ ‹እናንተ እንዳላችሁ› ነው። ዲፖዚቱን እስከ ሐሙስ ክፈሉ ተብለናል። ቤታችን ውስጥ ከዚህ ሌላ ወሬ ጠፍቷል። እስቲ ምን ትላለህ?»
የጨነቃት እናት፣ ከሜሪላንድ

እህቴ፣ ሐሙስ ቅርብ ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ለዘንድሮ የሰፈሩ ክለብ ይቆይ። ባለቤትሽ ይህችን መስመር ሲያነብ ስልኩን ሶፋው ላይ እንደሚወረውረው ይገባኛል። ግን አንስቶ እስከ ታች ያንብብልኝ፣ ምክንያቴ «ልጅ ነው፣ ተዉት ይጫወት» የሚል ብቻ አይደለም፣ እሱ ራሱ ቁጭ ብሎ ሊያሰላው የሚችል ሂሳብ ነው።

ከልጁ ልጀምር። ሰኔ ላይ 12 ይሞላዋል ብለሻል። ይቺ ቀን እናንተ ካሰባችሁት በላይ ወሳኝ ናት፣ አሰልጣኙም የነገራችሁ አይመስለኝም።

እስካሁን እዚህ አገር ልጆች የሚመደቡት በተወለዱበት ዓመት ነበር፣ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። ይህ አሠራር ከ2016 ወዲህ የመጣ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከ2026 ፎል ጀምሮ ግን አብዛኞቹ ሊጎች፣ ኢሲኤንኤልን ጨምሮ፣ የዕድሜ ምድብ መቁረጫውን ቀን ኦገስት 1 እያደረጉት ነው። ልጆቹ ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር እንዲጫወቱ ተብሎ ነው፣ ሐሳቡ ደግ ነው። አሁን የናንተን ልጅ እዪው። በጁን 2014 ነው የተወለደው። እስካሁን ከ2014 ልጆች ጋር ሲጫወት መሀል ላይ ነበር። አንዳንዱ በአምስት ወር ይበልጠዋል፣ አንዳንዱን እሱ በስድስት ወር ይበልጠዋል። በአዲሱ ምድብ ግን ከኦገስት 2013 እስከ ጁላይ 2014 ከተወለዱት ጋር ይሰለፋል። ከሱ የሚያንሱት የጁላይ ልጆች ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ ታላቁ ነው፣ አንዳንዱማ በአሥር ወር።

በዚህ ላይ ደግሞ እነዚያ የ2013 መጨረሻ ልጆች ሙሉ ዓመት በትልቁ ሜዳ 11 ለ11 ተጫውተዋል። ያንቺ ልጅ እስካሁን 9 ለ9 ነው የተጫወተው፣ በትንሹ ሜዳ፣ በ4 ቁጥር ኳስ። በፎል ሙሉ ሜዳና 5 ቁጥር ኳስ ይጠብቀዋል። ስለዚህ 18ኛ ሆኖ መመረጡ ከ17 ልጆች ያነሰ ኳስ ያውቃል ማለት አይደለም። እኔ እንዲያውም ከሱ ገዝፈውና ቀድመው ከጀመሩ ልጆች ጋር ተወዳድሮ መመረጡ ትልቅ ነገር ነው ባይ ነኝ። ይህን ለልጁም ንገሩት፣ ምክንያቱም «18ኛ» የምትለዋን ቃል እሱም ሰምቷታል።

በዚህ ዕድሜ የልጆች አካል ደግሞ ይቅርታ አያውቅም። ወንዶች ሽቅብ የሚመዘዙት በአማካይ 13ና 14 ዓመት አካባቢ ነው፣ ግን አንዱ በ11 ይጀምራል፣ አንዱ 15 ደርሶ ነው የሚጀምረው። ትራያውት ላይ ቆመሽ ብታዪ አንዱ ጢም ሊያበቅል ምንም አልቀረውም፣ አጠገቡ ያለው ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነው፣ ሁለቱም በአንድ ዕድሜ ምድብ ናቸው። አሰልጣኝ ደግሞ ሰው ነው፣ ቅዳሜ ማሸነፍ ይፈልጋል፣ ዓይኑ ወደሚሮጠውና ወደሚገፋው ያደላል። ከመቁረጫው ቀን በኋላ ወዲያው የተወለዱ ልጆች በተመረጡ ቡድኖች ውስጥ እንደሚበዙ በብዙ አገር ተጠንቷል። ዛሬ የሚታየው ደረጃ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል።

አሁን ወደ ደቂቃው እንምጣ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ዕድሜ አንድ ጨዋታ በአብዛኛው 70 ደቂቃ ነው፣ 35 በ35። በረኛውን ትተን ሜዳ ላይ 10 ልጅ አለ። 10 ጊዜ 70፣ 700 ደቂቃ። ከ18 ልጆች ሁለቱ በረኛ ቢሆኑ 16 ይቀራሉ። 700ን ለ16 ስታካፍዪው ለእያንዳንዱ 43 ደቂቃ ከምናምን ይደርሰዋል፣ እኩል ቢካፈል ማለት ነው። «ብዙ ላይጫወት ይችላል» ያለ አሰልጣኝ በጭንቅላቱ 43 ደቂቃ ይዞ አይደለም። 15 ወይም 20 ነው፣ እሱም ቡድኑ እየመራ ከሆነ። ሰውየው ቢያንስ ሐቁን ነግሯችኋል፣ ብዙዎቹ ይህንንም አይሉም፣ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

የመጨረሻው ተቀያሪ ደግሞ በራሱ ቦታ አይገባም። በጎደለው ነው የሚገባው፣ አብዛኛውን ጊዜ መስመር ላይ ያስገቡታል፣ እዚያ ቢሳሳት ግብ አያስቆጥርባቸውምና። ልጅሽ አማካይ ነው። አማካይ ዞር ብሎ ማየትን፣ ሰው ጀርባው ላይ እያለ ኳስ መቀበልን፣ መቼ ማፍጠን መቼ ማብረድ እንዳለበት የሚማረው መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ኳስ አስነጥቆ፣ ደግሞ ሞክሮ ነው። ይህን ከቤንች ላይ ሆኖ በማየት አይማረውም። በሳምንት ሦስት ቀን ከጎበዝ ልጆች ጋር መለማመዱ ይጠቅመዋል፣ አልክድም። ግን ልምምድ ላይ የተማረውን ጨዋታ ላይ የሚሞክርበት ደቂቃ ከሌለው ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

እኔ ልጆቼን ሜዳ ሳመላልስ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ዓይነት ልጅ አለ። ሁለተኛው አጋማሽ ተጋምሶ ይገባል። ገና እግሩ ሳይፍታታ አንድ ቀላል ኳስ ይስታል። ከዚያ ዓይኑ ከኳሱ ላይ ይነሳና ወደ አሰልጣኙ ይሄዳል፣ ሊያወጣኝ ነው ብሎ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ኳስ ስትመጣለት በአንድ ንክኪ ወደ ኋላ ይመልሳታል። ሰው ለማለፍ አይሞክርም፣ ወደፊት አያቀብልም። አይሳሳትም፣ ግን አይጫወትም። አባትየው ከዳር ሆኖ «ጎበዝ፣ አልተሳሳተም» ይላል። አንድ ሲዝን እንዲህ ያሳለፈ ልጅ ያንን ልማድ ለማራገፍ ሌላ ሲዝን ይፈጅበታል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለታችሁም አንድ ቀን ሄዳችሁ ያንን ቡድን እዩት። ሐሙስ አይበቃንም ካላችሁ እስከ ሰኞ ጊዜ ስጡን ብላችሁ ጠይቁ፣ በትህትና ከጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ። እምቢ ካሉም እሱ ራሱ አንድ ነገር ይነግራችኋል። ስትሄዱ ኮከቦቹን አትዩ፣ እነሱ የትም ቢሆኑ ያምራሉ። ቤንቹ ጫፍ ላይ የተቀመጡትን ሦስት ልጆች እዩ። አሰልጣኙ በስማቸው ይጠራቸዋል? ስንተኛው ደቂቃ ላይ አስገባቸው? አንዱ ኳስ ሲያስነጥቅ ወዲያው ጎትቶ አወጣው ወይስ «ቀጥል፣ ደግመህ ሞክራት» አለው? ከሃያ ደቂቃ በኋላ መልሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

አሁን ከባለቤትሽ ጋር ላውራ። ወንድሜ፣ አንተ 495 ሀይዌይን ከኔ የተሻለ ታውቀዋለህ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተህ በሥራ መውጫ ሰዓት የአሜሪካን ሌጅን ድልድይን ተሻግረህ ቨርጂኒያ መግባት ምን እንደሆነ ለሹፌር አይነገርም። ደግሞ ኡበር ደህና የሚከፍለው መቼ ነው? በዚያው ሰዓት ነው። ልምምዱ በሳምንት ሦስት ቀን ከሆነ በሳምንት ሦስት ቀን ምርጡን ሰዓትህን አፕህን አጥፍተህ፣ ሜዳ ዳር መኪና ውስጥ ቁጭ ብለህ ልታሳልፈው ነው። ለምሳሌ በሰዓት 25 ዶላር ብቻ ያዝ። መሄጃ፣ መጠበቂያ፣ መመለሻ ብለህ በቀን ሦስት ሰዓት፣ በሳምንት 225 ዶላር። ሲዝኑ አሥር ወር ገደማ ነው፣ 40 ሳምንት ብትለው 9,000 ዶላር ይመጣል። ክለቡ ወረቀት ላይ የጻፈው 3,800 ነው። ይህንን አልጻፈውም፣ የሚጽፈው አንተ ነህ።

ቅዳሜና እሁድ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ከሜዳ ውጪ ጨዋታ እስከ ሪችመንድ፣ አንዳንዴ ከዚያም ወዲያ ያስኬዳል። ቶርናመንት ሲኖር ብዙዎቹ አዘጋጆች «ሆቴሉን በኛ በኩል ካልያዛችሁ ቡድኑ አይመዘገብም» ይላሉ፣ የአክስትህ ልጅ በአቅራቢያው ሰፊ ቤት ቢኖረውም ሆቴሉን ትከፍላለህ። ይህ ደንብ ሁሌም ያናድደኛል።

ገንዘቡን ካነሳን አይቀር፣ የትኛውንም ብትመርጡ ስለ ፋይናንሻል ኤይድ (የክፍያ እርዳታ) ጠይቁ። ከነዚህ ክለቦች ብዙዎቹ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ስለሆኑ ለዚህ የሚመድቡት ገንዘብ አላቸው። የኛ ሰው ግን ይሉኝታ ይይዘውና አይጠይቅም፣ በክሬዲት ካርድ ከፍሎ ዓመቱን ሙሉ ወለድ ይገፋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት የታክስ ወረቀት ነው። የኡበር ገቢ ደግሞ ማይሌጁ ከተቀነሰ በኋላ ወረቀት ላይ ምን ያህል እንደሚያንስ ታውቀዋለህ። ማመልከቻው የራሱ የመዝጊያ ቀን ስላለው ዲፖዚት ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ዲፖዚት አንዴ ከገባ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

ስለ ስኮላርሺፑ ደግሞ፣ ይህ ወሬ ስንቱን አበሻ ሀይዌይ ላይ እንዳስቀረው። እስከ 2025 ድረስ የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው በኤንሲኤኤ ከፍተኛ ደረጃ፣ በዲቪዚዮን 1፣ አንድ የወንዶች እግር ኳስ ቡድን በሙሉ የሚፈቀድለት 9.9 ስኮላርሺፕ ነበር። ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ለሃያ ምናምን ተጫዋች። ይህቺ ተቆራርሳ ስለምትታደል ሙሉ ወጪው የሚሸፈንለት ልጅ ጥቂት ነበር። በ2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ያ ጣሪያ ስምምነቱን ለተቀበሉ ትምህርት ቤቶች ተነስቶ በምትኩ ቡድኑ ከ28 ተጫዋች እንዳይበልጥ ተወሰነ። መስጠት ይችላሉ ማለት እንጂ ይሰጣሉ ማለት አይደለም፣ የወንዶች ሶከር ደግሞ ለዩኒቨርሲቲው ገንዘብ የሚያመጣ ስፖርት አይደለም። ከነዚያ ቦታዎች ብዙዎቹን ደግሞ ከአውሮፓና ከሌላ አገር የሚመጡ፣ ዕድሜያቸው የጠና ልጆች ይይዟቸዋል። ዲቪዚዮን 3 የሚባሉት ኮሌጆች ጭራሽ በስፖርት ስም ስኮላርሺፕ አይሰጡም፣ በትምህርት ውጤት ግን ይረዳሉ።

ሌላም አለ። የዲቪዚዮን 1 አሰልጣኝ አንድን ልጅ በቀጥታ ማነጋገር የሚፈቀድለት ልጁ 10ኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ ካለው ጁን 15 ጀምሮ ነው። ልጃችሁ ገና 12 ሊሞላው ነው። የሚያየው ሰው እስኪመጣ አራት ዓመት አለው። በነዚህ አራት ዓመታት ውስጥ ኳስን እየወደደ መቆየቱ ዘንድሮ ማልያው ላይ ምን እንደተጻፈ ከማሰብ ይቀድማል። ለኮሌጅ ገንዘብ ብላችሁ ከሆነ ደግሞ የመንገዱ ሦስት ሰዓት ለሒሳብ ቢውል በብዙ ይሻላል። ይህን የምለው ኳስ ስለማልወድ አይደለም።

ገዲዮን ዘላለም ላይ እንምጣ። አንድም የዲሲ አካባቢ አባት ያለሱ ስም ክርክር አይጨርስም። በ1997 በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ልጅ ገና በልጅነቱ ወደዚህ መጣ፣ ኦልኒ ሬንጀርስ በሚባል የሜሪላንድ ክለብ ተጫወተ፣ ከዚያ አርሰናል ወሰደው፣ በጃንዋሪ 2014 በኤፍኤ ካፕ ከኮቨንትሪ ጋር በተደረገው ጨዋታ ገና በ16 ዓመቱ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። ሁላችንም ኮርተናል። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንናገረው። በ2017 ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ጉልበቱ ተጎዳ፣ የአርሰናል ነገር ከዚያ በኋላ አልተሳካም። ይህም የሚመሰገን እንጂ የሚያሳፍር ታሪክ አይደለም፣ ከኛ ሰፈር ልጅ እዚያ መድረሱ ራሱ ተአምር ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ሰዎች ያዩት ኳስ እግሩ ሥር ሆና ሜዳ መሀል ቆሞ ነው። ልጅን ለመታየት ብለህ ወስደህ ቤንች ላይ ካስቀመጥከው ማን ያየዋል?

የሌላ ምሳሌ ከፈለግህ ጄሚ ቫርዲን ውሰድ። ሼፊልድ ዌንስዴይ በታዳጊነቱ አሰናበተው፣ በታችኛው ሊግ ፋብሪካ እየሠራ ተጫወተ፣ በ2016 ከሌስተር ጋር ፕሪሚየር ሊጉን በላ። ሃሪ ኬንንም አርሰናል ገና ሕፃን ሳለ ነው ያሰናበተው። ልጅህ ቫርዲ ይሆናል እያልኩህ አይደለም። በ12 ዓመት የተዘጋ የሚመስል በር አለመዘጋቱን እያልኩህ ነው። «ዕድል ሁለቴ አይመጣም» የሚለው ለሎተሪ ይሠራል። ትራያውት ግን በየዓመቱ አለ፣ ክለቦቹ የሚኖሩት በሱ ነው።

ስለ ሊጎቹ ፊደላት አንድ ነገር ብቻ ብዬ ልለፍ። በ2007 የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ዴቨሎፕመንት አካዳሚ የሚባል ጀምሮ ነበር። የዚያን ጊዜ እሱ ካልሆነ ሞት ነበር። በኤፕሪል 2020 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኤምኤልኤስ ኔክስት የሚባል ሌላ የታዳጊዎች ሊግ መጣ፣ አሁን ደግሞ እሱም ራሱ በሁለት ደረጃ ተከፍሏል። ኢሲኤንኤል ራሱ ሪጅናል ሊግ የሚባል ሁለተኛ ደረጃ አለው። ልጃችሁ ሀይስኩል እስኪጨርስ ስሙ ስንቴ እንደሚቀያየር እግዜር ይወቅ።

ይሁንና የሰፈሩ ክለብ ገነት ነው ብዬ አልዋሽም። የሁለተኛ ደረጃ ቡድን የራሱ አደጋ አለው። ልጁ ከሁሉም የተሻለ ይሆንና ይዝናናል። አራት ሰው አልፎ ያገባል፣ ወላጆች ያጨበጭባሉ፣ ኳስ ማቀበል ይረሳል። ተከላካዮቹ ዘገምተኛ ስለሆኑ ሦስት ንክኪ ይበቃኛል ብሎ ይለምዳል፣ ከዚያ ጠንካራ ቡድን ሲገጥመው ሁለተኛዋን ሳይነካ ይነጥቁታል። ስለዚህ እዚያ ስትቆዩ ከአሰልጣኙ ጋር ተነጋገሩ፣ «መሀል ሜዳው ያንተ ነው» ማለቱ ብቻ አይበቃም። በሳምንት አንድ ቀን በዕድሜ ከፍ ካለው ቡድን ጋር ይለማመድ። በዊንተር ፉትሳል (በትንሽ ሜዳ አምስት ለአምስት የሚደረግ ጨዋታ) ያስገባው፣ ጠባብ ቦታ ላይ ፈጥኖ ማሰብን እንደ ፉትሳል የሚያስተምር የለም። አሰልጣኙ ይህን ስትጠይቁት ካኮረፈ እሱም ችግር ነው።

አባትየውም ሥራ አለው። ቅዳሜ ጠዋት የኛ ሰዎች ተሰብስበው በሚጫወቱበት ሜዳ ይውሰደው። ሆዳቸው ገፋ ያሉ፣ ግን ኳስ የማያስነኩ ሰውዬዎች አሉ፣ ከነሱ ጋር አንድ ሰዓት መጫወትን የማንም ክለብ ክሊኒክ (የአጭር ጊዜ የኳስ ሥልጠና) አይተካውም። ሰውዬዎቹ አይሮጡም፣ ስለዚህ ያስባሉ። በየዓመቱ ጁላይ 4 አካባቢ የሚደረገው፣ ከ1984 ጀምሮ ያለው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ውድድር ላይ የሚሰለፉትን ልጁ ያያቸው ይሆናል፣ ከነሱ መሀል አንዱን መከተል ቢጀምር ደስ ይለኛል።

እህቴ፣ ስለ ቅዳሴውና ስለ አማርኛ ትምህርቱ ያልሽውን እንደ ሰበብ የሚያዩብሽ ሰዎች ይኖራሉ። እኔ አላየውም። 12 ዓመት የሆነው ልጅ እሁድ ከእኩዮቹ ጋር አማርኛ የሚያወራበት ቦታ አንዴ ከተወው በ15 ዓመቱ አይመለስበትም። በሁለተኛው ሊግም እሁድ ጨዋታ አለ፣ ግን ሜዳው ቅርብ ስለሆነ አስቀድሶ ሊደርስ ይችላል። ሪችመንድ ላይ ጠዋት 9 ሰዓት ጨዋታ ካለው ግን ምንም ማድረግ አይቻልም።

«እናንተ እንዳላችሁ» ያለው መልስ ነው ብለሽ አትውሰጂው። ልጁ አባቱን ላለማስከፋት ነው እንዲህ የሚለው። «የትኛውን ትመርጣለህ?» ብለሽ አትጠይቂው፣ ከአባትና ከእናት አንዱን ምረጥ እንደማለት ነው የሚሰማው። መኪና ውስጥ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ፣ ሌላ ሌላውን ጠይቂው። ትራያውት ላይ ማን አናገረህ? ኳስ የሰጠህ አለ? ብዙ ባትገባ ጨዋታው ሲያልቅ ምን የሚሰማህ ይመስልሃል? እዚህ ብትቀር የሚናፍቅህ ምንድነው? ከዚያ ዝም በዪ። ልጅ ዝምታ ካገኘ ያወራል። «እዚያ ብቀመጥም ግድ የለኝም፣ ከነዚያ ልጆች ጋር መለማመድ ነው የምፈልገው» ካለሽ፣ ከልቡ መሆኑ ከታወቀሽ፣ ያኔ የኔ ምክር ይላላል። አንዳንድ ልጅ እንደዚያ ነው፣ መገፋት ይወዳል። እንዲህ ያለውን ልጅ አትያዙት።

እኔም ሐሳቤን የምቀይርበት ሌላ መንገድ አለ፣ እሱም አሰልጣኙ አራት ነገር በግልጽ ከመለሰላችሁ ነው። በሮስተሩ ላይ በጠቅላላ ስንት ልጅ ትይዛለህ፣ 18 ነው ወይስ 22? አምና የመጨረሻዎቹ ሦስት ልጆች በአማካይ ስንት ደቂቃ ተጫወቱ፣ ዘንድሮስ የት አሉ? የኔ ልጅ የሚገባው በየትኛው ቦታ ነው? በማይጫወትበት ሳምንት ከክለቡ ሁለተኛ ቡድን ጋር ወርዶ ሙሉ ጨዋታ ይጫወታል ወይ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ «አዎ፣ በየሳምንቱ» ካለ፣ ኢሜይል ላይም ከጻፈው፣ ያ ሌላ ጨዋታ ነው። ከጠንካራ ልጆች ጋር እየተለማመደ ደቂቃም አገኘ ማለት ነው። በዚያ ላይ ካርፑል የሚያደርግ ሌላ ቤተሰብ ከተገኘና ኤይዱ ከተፈቀደ፣ እኔ ራሴ ይሂድ እላለሁ። «በልምምድ ላይ ይወሰናል» ብሎ ካለፋችሁ ግን መልሱን ሰጥቷችኋል።

እምቢ ስትሉም በር አትዝጉ። ለመረጣችሁት እናመሰግናለን፣ ዘንድሮ ለቤተሰባችን አልተመቸንም፣ በሚቀጥለው ትራያውት እንመለሳለን፣ በመሀል ክሊኒክ ካላችሁ ንገሩን ብላችሁ ሁለት መስመር ጻፉ። ልጁ በሁለተኛ ደረጃ ሊግ መሀል ሜዳውን ይዞ አንድ ዓመት ቢጫወትና በሚቀጥለው ዓመት ቁመቱ ቢመዘዝ ያው አሰልጣኝ ራሱ ይደውላል። የሰፈሩን ክለብም ለአንድ ዓመት ብቻ ነው የምትፈርሙት፣ አላገባችሁትም።

ታናሽ እህቱን ደብዳቤሽ ላይ በሦስት ቃል ነው ያለፍሻት። ስንት ዓመቷ ነው? ቅዳሜና እሁድ ሜዳ ዳር ታብሌት ይዛ የምታሳልፍ ልጅ ካለች የሷም ሰዓት ሂሳቡ ውስጥ ይግባ።

ባለቤትሽ ይህን ሁሉ አንብቦ አሁንም «አይሆንም» ካለ፣ አትከራከሪው። እነዚያን አራት ጥያቄዎች ይዞ ለአሰልጣኙ ራሱ ይደውል። አንቺ አትደውዪ፣ እኔም የነገርኩትን አትድገሚለት። መልሱን ከሰውየው አፍ ይስማው።